የጓሳ ሚካኤል ጽዋ

እሑድ ኅዳር ሰባት ቀን ጣቢያችን የደረሰው ማመልከቻ «ከአባቶቻችን የወረስነው የጥንት ቅርስ በዘራፊዎች እጅ ወድቋል» ብሎ ይጀምራል። ሁለት ገጽ ሙሉ ነው። ከሥሩ ሃያ ሦስት ፊርማና አንድ የአውራ ጣት አሻራ ሰፍሮበታል። አለቃዬ ኢንስፔክተር መሠረት አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

«ዋልልኝ፣ ይሻው አየለ የሚባለው ሰው ዘመድህ ነው?»

«አባቴ ናቸው» አልኩ፤ አንገቴን ወደ ውስጥ እየሳብኩ። የእጅ ጽሑፉን ገና ከፖስታው ሲወጣ ነበር ያወቅኩት።

«ተዘረፈ ያሉት ቅርስ ምንድን ነው? ዘውድ ነው? ብራና ነው?»

«ማሰሮ ነው፣ ኢንስፔክተር።»

ብዕሯን አስቀመጠችና አየችኝ። ማስረዳት ነበረብኝ። ከደብረ ታቦር ወደ ጉና በሚያወጣው መንገድ ጓሳ ሚካኤል የሚባል አጥቢያ አለ፤ ተወልጄ ያደግኩበት ነው። እዚያ ሃያ አራት ሰዎች ያሉበት የጽዋ ማኅበር አለ። በየወሩ በአሥራ ሁለት፣ በሚካኤል ቀን፣ አንዱ ማኅበርተኛ ቤት ይሰበሰባሉ። ተረኛው ይደግሳል፤ ጠላው በጽዋው ተባርኮ ይቀመሳል፤ ማምሻውን ጽዋው በእልልታ ታጅቦ ወደሚቀጥለው ወር ተረኛ ቤት ይሄዳል። ባለ ሁለት ጆሮ ጥቁር የሸክላ ማሰሮ ነው። ገበያ ቢወጣ ምራቂ ድስት ካልተጨመረበት የሚያነሣው አይገኝም።

«ከማን ቤት ነው የጠፋው?»

«ከእየሩስ። ዓረብ አገር ቆይታ የመጣች ልጅ ናት። ዓርብ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ የዓመቱ ትልቁ። ደጋሿ እሷ ነበረች። እስከዚያ ጽዋው ካልተገኘ ከማኅበሩ ትወጣለች ብለው ቆርጠዋል።»

«ማን ነው የቆረጠው?»

አንገቴን እንደገና ወደ ውስጥ ሳብኩ። አባቴ የማኅበሩ ሙሴ ናቸው፤ ሰብሳቢው ማለት ነው።

*

ሰኞ ጠዋት ባጃጁ መንገዱ እስካለቀበት ድረስ አደረሰን፤ የቀረውን በእግራችን ወጣን። መሠረት ደብረ ታቦር ከተማ ተወልዳ ያደገች፣ ሁልጊዜ ስኒከር ጫማ የምታደርግ፣ ያየችውን ነገር ሁሉ የምትቆጥር ሴት ናት። በመንገዳችን ላይ ያለውን የገብስ ክምር እንኳ ቆጠረችው። ምን ሊያደርግልን እንደሆነ ብጠይቃት «ምንም» አለችኝ።

እየሩስ አዲሱ የቆርቆሮ ቤቷ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ዓይኗ በልቅሶ ብዛት አብጧል።

«ቅዳሜ ደብረ ታቦር ገበያ ወረድኩ» አለች። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስመለስ በሩ እንደተቆለፈ ነው። ገብቼ ሳይ መደርደሪያው ባዶ ነው። የሸፈንኩበት ነጭ ጨርቅም የለም።»

«ቁልፉ የት ነበር?»

«ሙቀጫው ሥር።»

«ሙቀጫው ሥር መሆኑን ማን ያውቃል?»

«ማን የማያውቅ አለ?» አለች እየሩስ፤ ከልቧ ግራ ገብቷት።

መሠረት ቤቱን ዞረች። ቴሌቪዥኑ ቦታው ላይ ነው። ከቤይሩት ያመጣችው የወርቅ ጉትቻ መስኮቱ ላይ በሲኒ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሌባው እጁን ቢዘረጋ ይደርስበት ነበር። ከዚያ መደርደሪያው ፊት ቆመችና ጎንበስ ብላ በጥፍሯ አንድ ነገር ፈቀፈቀች።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሰም ነው» አልኩ። «የጧፍ።»

«እኔ አላበራሁም» አለች እየሩስ። «ቤት ይቃጠላል ብዬ እፈራለሁ።»

«ስለዚህ ሌባው በጠራራ ፀሐይ ጧፍ አብርቶ፣ ማሰሮ ብቻ አንሥቶ፣ በሩን ቆልፎ፣ ቁልፉን ቦታው መልሶ ሄደ» አለች መሠረት። «በአሥራ አንድ ዓመት የፖሊስነት ሥራዬ እንዲህ ያለ ጨዋ ሌባ አልገጠመኝም።»

እየሩስ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ እንባዋ መጣ። እናቷ የሞቱት ካቻምና ነው፤ እሷ ቤይሩት ሳለች። ቀብሩን በስልክ ነበር ያየችው። ሣጥኑን የተሸከሙት፣ ድንኳኑን የተከሉት፣ ተዝካሩን ያወጡት ማኅበርተኞቹ ናቸው። ስትመጣ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በእናቷ ቦታ ልግባ አለች።

«ቤት ሠራሁ፣ ድንች ዘራሁ፣ ሰው ግን ‹የዓረብ አገሯ› ነው የሚለኝ» አለች። «እዚያ ማኅበር ውስጥ ብቻ ነው የእናቴ ልጅ የሆንኩት። እሱን ካጣሁ እዚህ ምን እሠራለሁ? እመለሳለሁ እንጂ።»

«ጽዋውን የተረከብሽ ዕለት ምን ሆነ? ሳታስቀሪ ንገሪኝ።»

«ጥቅምት ሚካኤል ነበር። ቄሴ መዝገባቸውን ገልጠው ‹ተረኛ ወለተ ማርያም› ሲሉ ልቤ ልትወጣ ደረሰች። የክርስትና ስሜ ነው፤ የእናቴም ነበር። ሁሉም ብድግ አለልኝ። እማማ ማሬ እንኳ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ከበሩ ሥር ተነሥተው ቆሙ፤ ሮጬ ጉልበታቸውን ስሜ አስቀመጥኳቸው። እልልታው ቀለጠ። ጋሽ አያሌው ብቻ ፊታቸውን አዞሩ።»

«ለምን?»

«ባሕር ማዶ የከረመች ሴት የሚካኤልን ጽዋ አታነሣም ይላሉ። እኔ በገባሁበት ቦታ ልጃቸው እንዲገባ ፈልገው ነበር።»

እኔ ወዲያውኑ «አያሌው» ብዬ ጻፍኩና ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። መሠረት ምን እንደጻፈች አላየሁም።

*

አባቴና ቄስ ፋንታው የቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ላይ ተቀምጠው ይጠብቁናል። አባቴ ለበዓል የሚለብሱትን ኮት ለብሰዋል። ጠላ ቀረበ፤ መሠረት ሥራ ላይ ነኝ ብላ መለሰች። አባቴ ቅር አላቸው፤ ቢሆንም ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

«ሌባው የታወቀ ነው» አሉ። «ነስሩ ነው። ባለ ወፍጮው። አሮጌ የመዳብ ዕቃ ይሰበስባል። ባለፈው ክረምት የእኔን የእጅ መታጠቢያ ካልገዛሁ ብሎ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ።»

«ጽዋው ሸክላ አይደለም እንዴ፣ አባባ?» አልኩ።

«ቢሆንስ? ዛሬ መዳብ ያለ ነገ ሸክላ ይላል።»

«ማኅበሩ ስንት ሰው ነው?» አለች መሠረት።

«ሃያ አራት። እንደ ሃያ አራቱ ካህናተ ሰማይ» አሉ አባቴ ኮታቸውን እያስተካከሉ። «አንድ ሲጎድል ወዲያው እንተካለን። በአያቴም ጊዜ እንዲህ ነበር፣ በአባቴም ጊዜ እንዲህ ነበር።»

መሠረት የተራ መዝገቡን እንዲያሳዩዋት ቄስ ፋንታውን ጠየቀች። ቄሱ ከካባቸው ሥር አንድ ሰማያዊ ደብተር አወጡ። ጽሕፈታቸው እንደ ኅትመት ነው፤ ስሙ ሁሉ የክርስትና ስም ነው፤ ኃይለ ሚካኤል፣ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ወለተ ሥላሴ፣ ወለተ ማርያም። አለቃዬ በብዕሯ ጫፍ ከላይ እስከ ታች እየነካካች ወረደች። ከዚያ እንደገና ከላይ ጀመረች።

«ይህን እስከ ነገ ልዋሰው?»

«ለመንግሥት ምን ይከለከላል» አሉ ቄስ ፋንታው። ፊታቸው ግን ደብተሩን ተከትሎ ሄደ።

*

የነስሩ ወፍጮ ቤት ከአስፋልቱ ዳር ነው። ነስሩ ዱቄት በዱቄት ሆኖ ወጣ። ቅንድቡ ላይ ሳይቀር ዱቄት አለ። የመጣንበትን ስንነግረው ሞተሩን አጥፍቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«የሸክላ ማሰሮ? ሚስቴ ከድጃ በወር ሁለት ትሰብራለች፤ ስባሪውን ልትፈልጉ ነው? እኔ ቅዳሜ እብናት ነበርኩ። የእህቴ ልጅ ሠርግ።»

«ማን አየህ?»

ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየን። ነስሩ አዲስ ሽርጥና አዲስ ኮት ለብሶ ከሰው መሀል ይጨፍራል። ሰዓቱ ከሥሩ ተጽፏል፤ እኩለ ቀን አካባቢ ነው። ከአጠገቡ ትከሻውን እየነቀነቀ የሚጨፍረው ደግሞ ቅዳሜ ለታ አሞኛል ብሎ ከሥራ የቀረው የጣቢያችን መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። መሠረት ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አየችው።

«ይህን ላክልኝ» አለች። «ለሌላ ጉዳይ ይጠቅመኛል።»

ከድጃ የዱቄት ጆንያ ስታስር ቆይታ መጣች። መሠረት ያላሰብኩትን ጥያቄ ጠየቀቻት።

«ከጓሳ ሚካኤል ሰዎች ሰሞኑን ብቅል ያስፈጨ ማነው?»

«ምነው፣ ብቅል ወንጀል ሆነ እንዴ?» አለች ከድጃ። «እየሩስ አስፈጭታለች፤ ድግስ አለብኝ ብላ። አያሌው ለአጨዳው ደቦ ብሎ ሁለት ጊዜ አምጥቷል። እማማ ማሬ ሁለት ቁና። የዋልልኝ እናት ደግሞ ትንሽ፣ ለቤት።»

«መቼ መቼ?»

«የእየሩስ ባለፈው ረቡዕ። አያሌው ጥቅምት አጋማሽ ላይና ከዚያም በኋላ። እማማ ማሬ ጥቅምት ሲያልቅ።»

ስንወጣ እጄን እያሻሸሁ ነበር። «ሁለት ጊዜ ብቅል፣ ኢንስፔክተር። አያሌው ጽዋውን ወስዶ የራሱን ማኅበር ሊያቋቁም ነው። ደቦው ሽፋን ነው።»

«ሊሆን ይችላል» አለች መሠረት። ሊሆን ይችላል ስትል አይሆንም ማለቷ እንደሆነ በዚያን ጊዜ ገና አልተማርኩም ነበር።

*

አያሌው ማሳቸው ውስጥ አሥር ሰው አሰልፈው ገብስ ያሳጭዳሉ። ጠላው በእንስራ ቀርቧል። ደቦው የእውነት ደቦ ነው፤ እኔ ግን ወደ ኋላ አላልኩም።

«ቅዳሜ የት ነበሩ?»

«ጣራ ገዳም፣ ለሱባዔ» አሉ አያሌው፤ ዓይናቸውን ሰማይ ላይ ተክለው። «ሐሙስ ሄጄ ትናንት ማለዳ ተመለስኩ። በጫካው ውስጥ በባዶ እግሬ ነው የወጣሁት።»

«በባዶ እግር» አለች መሠረት። «ያማል። እግርዎን ሊያሳዩኝ ይችላሉ?»

አያሌው እግራቸውን ከጫማቸው ሲያወጡ አጫጆቹ ሁሉ ማጭዳቸውን አቁመው አዩ። ሚካኤል ምስክሬ ነው፣ እንደዚያ የለሰለሰ የገበሬ እግር አይቼ አላውቅም። ተረከዛቸው እንደ ሕፃን ተረከዝ ነበር።

እንስራውን ይዘው የቆሙት ሚስታቸው ሳቃቸው አመለጣቸው። «ወንዛዬ ነበርን» አሉ። «ወገቡን ያመዋል። ሦስት ቀን ሙሉ ፍል ውኃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ሰነበተ። አጨዳ ትቶ ሊታጠብ ሄደ እንዳይባል ገዳም በሉ አለን።»

አጫጆቹ ያን ዕለት ብዙ የሠሩ አይመስለኝም። አያሌው ጫማቸውን ሲያጠልቁ መሠረት ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ «ልጅቷን ስለምን ይጠሏታል?» አለቻቸው።

«ማን ጠላት?» አሉ ቀስ ብለው። «እናቷ ጎረቤቴ ነበሩ። አንድያ ልጃቸው እንዴት በስልክ ትቀብራለች ብዬ ነው የተናደድኩት። ንዴቱ አልወጣልኝም።»

*

ማክሰኞ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ነበር። የሚጠረጠር ሰው አልቆብኛል፤ እየሩስ ደግሞ ጠዋት ስናልፍ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ስታጥፍ አይቻታለሁ። ስለ ጉዳዩ ሳይሆን ስለ ሻንጣው ነበር የማስበው።

«ዋልልኝ፣ ጽዋው ምን ያወጣል?» አለች መሠረት።

«ምንም።»

«ስለዚህ የሚሸጠው የለም። ለምን ይጠቅማል?»

«ለመደገስ።»

«የወሰደው ሰው ሊደግስበት ነው የወሰደው። ለዚያ ነው ብቅል የጠየቅኩት። እየሩስ ድግስ አለባት። አያሌው ደቦ አላቸው። እናትህ ትንሽ ነው ያስፈጩት። እማማ ማሬ የሚታጨድ ማሳ አላቸው?»

«መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተዋል። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት» አልኩ። «ግን፣ ኢንስፔክተር፣ እማማ ማሬ? ክርስትና ያነሡኝ እኮ እሳቸው ናቸው።»

መልስ ሳትሰጠኝ ሁለት ነገር ጉልበቷ ላይ ዘረጋች፤ የአባቴን ማመልከቻና የቄሱን ሰማያዊ ደብተር። «አንተም ቁጠር» አለችኝ።

ማመልከቻው ላይ ሃያ ሦስት ፊርማና አንድ አሻራ፤ ሃያ አራት። ደብተሩ ላይ ያለው ስም ሃያ ሦስት። እንደገና ቆጠርኩ። ሃያ ሦስት።

ቄስ ፋንታውን ከቅዳሴ ሲወጡ ያዝናቸው። ሰማያዊው ደብተር ከዚህ በፊት ከነበረው የተገለበጠ እንደሆነ መሠረት ጠየቀቻቸው። አዎ፣ የድሮው ከሦስት ዓመት በፊት ክረምት ላይ ዝናብ ገብቶበት ነበርና በአዲስ ገለበጥኩት አሉ። የድሮው ግን አልተጣለም፤ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። አመጡት። ቅጠሉ ተኮማትሯል፤ ጽሑፉ ግን ይነበባል። ቄሱ በጣታቸው እየተከተሉ ጮክ ብለው አነበቡ።

«ኃይለ ሚካኤል። ወለተ ሥላሴ። ወለተ ማርያም። ወለተ…»

ቆሙ። ጣታቸው ከመስመሩ ላይ አልተነሣም።

«ወለተ ማርያም፣ ወለተ ማርያም» አሉ። «ሁለት ናቸው። አንዷ የእየሩስ እናት፣ አንዷ ማሬ። እኔ… ስገለብጥ እጄ ደግሞ የጻፈ መስሎኝ አንዱን ተውኩት። ሌሎቹ ተመሳሳይ ስሞች ስለተራራቁ አልነካኋቸውም፤ እነዚህ ግን ጎን ለጎን ናቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ማሬን አልጠራኋትም ማለት ነው?» ከግንቡ ጋር ተደግፈው ተቀመጡ። «እግዚኦ። ደግሞ እኮ በየወሩ ከበሩ ሥር ተቀምጣ ታየኛለች።»

*

የእማማ ማሬ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው። ደጁ በአዲስ እበት ተለቅልቋል። ከውስጥ የጠላ ሽታ ይወጣል። መደቡ ላይ፣ ከነ ነጭ ጨርቁ፣ ጽዋው ተቀምጧል።

«ግቡ፣ ልጆቼ» አሉ እማማ ማሬ። «የሚካኤል ቤት ነው።»

መሠረት ጫማዋን አውልቃ ገባች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

«እማማ፣ ይህን ማን አመጣው?»

«እኔ ነኛ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ። ጧፍ አበራሁና ‹እንሂድ ጌታዬ፣ ተራዬ ደርሷል› ብዬ አነሣሁት። በሩንም ቆልፌ ወጣሁ፤ የሰው ቤት ከፍቶ መሄድ ነውር አይደለም?»

«ተራዬ ነው ብለው ለምን አልተናገሩም?»

እማማ ማሬ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። «ካቻምና ወለተ ማርያም ሲባል የእየሩስ እናት ተነሣች። ጓደኛዬ ናት፤ ትቅደም ብዬ ተውኩላት። በወሩ የእኔ ይሆናል ስል የሌላ ሰው ስም ተጠራ። ደኸየች ብለው አስወጥተውኛል፣ እንዳላፍር ግን ከበር ሥር አስቀምጠው ያጠጡኛል አልኩ። የሰው ጠላ እየጠጡ የራስን አለማጠጣት እንዴት እንደሚያንቅ አታውቂም፣ ልጄ። ባለፈው ወር ስሜ ሲጠራ ተነሣሁ። እጄን ዘረጋሁ። ልጅቱ መጥታ ጉልበቴን ሳመችና አስቀመጠችኝ። ምን ልበል? በሰው ፊት የእኔ ነው ብዬ ብከራከር እሷ ልታፍር ነው። ማታውኑ ብቅሌን ዘፈዘፍኩ።»

«ማመልከቻው ላይ የፈረሙትስ? አሻራው የእርስዎ ነው።»

ፊታቸው በራ። «እሱማ፣ ይሻው ‹ማኅበርተኛ የሆነ ሁሉ ይፈርም› ብሎ ጣቴን ቀለም ነከረው። ለካ አልተሰረዝኩም ብዬ ደስ አለኝ። ወረቀቱ ምን እንደሚል ማንም አላነበበልኝም።»

«እየሩስ ግን በዚህ ምክንያት ከማኅበሩ ልትወጣ እንደሆነ ያውቃሉ?»

አላወቁም ነበር። የምሰክረው ክርስትና ያነሡኝ ስለሆኑ አይደለም፤ እንደዚያ የደነገጠ ፊት ማስመሰል አይቻልም። ጽዋውን እንዳቀፉ ተነሥተው «አሁኑኑ ልመልስላት» አሉ።

«ይቀመጡ» አለች መሠረት። «ተራው የእርስዎ ነው። መዝገቡን አይተናል።»

«እንግዲያስ እስከ አሥራ ሁለት ብቻ ፍቀጅልኝ፣ ልጄ።»

«እስከ አሥራ ሁለት ይደግሱ። ሌላውን ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» አለች መሠረት።

*

ማምሻውን ማኅበሩ ደጀ ሰላም ላይ ተጠራ። ቄስ ፋንታው ሁለቱንም ደብተር ይዘው ጥፋታቸውን ተናገሩ። አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ቄሱ አዝኖላት ያለፋት መሰለኝ» አሉ። አያሌው «እኔ ደግሞ ሙሴው ያስቀራት መሰለኝ» አሉ። ከኋላም ከፊትም ያው ቃል ተደጋገመ። ሁሉም ሌላው የወሰነው መስሎት፣ ሁሉም ደግ ነገር እንደተደረገ አስቦ፣ ሦስት ዓመት አፉን ዘግቶ ጠጥቷል።

እየሩስ ከሁሉም ዘግይታ ነው የገባት። ሁለት እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ «ጉልበታቸውን ስሜ አስቀመጥኳቸው» አለች። «ሊቀበሉ የተነሡትን ሰው እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት።» ከዚያ ማንንም ሳታስፈቅድ ቁልቁል ወደ እማማ ማሬ ቤት ሮጠች። ለራሷ ድግስ የጣለችውን ጠላ የአያሌው ደቦ ጠጣው። አያሌው አንድ ብርሌ ከጨረሱ በኋላ ባሕር ማዶ መክረም እጅን እንደማያበላሽ መሰከሩ።

እማማ ማሬ ግን ቃል አስያዙን። ማንም ሰው ዳቦም ሆነ ጠላ ይዞ እንዳይመጣ። አባቴ አንድ በግ ሊልኩ ሲሉ ዓርብ ጾም መሆኑን እናቴ አስታወሰቻቸው። እየሩስ ውኃ እንድትቀዳ ብቻ ተፈቀደላት፤ ሦስት ቀን ሙሉ ቀዳች።

ዓርብ በዚያች ጠባብ ቤት ሃያ አራት ማኅበርተኛ፣ አንድ ኢንስፔክተርና እኔ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ተቀመጥን። የገብስ ድፎ ዳቦ፣ ሽሮ፣ የባቄላ አሹቅ ቀረበ። «ሚካኤል ዓርብ ላይ የዋለው ለእኔ ብሎ ነው» አሉ እማማ ማሬ፤ «ሥጋ አላስወጣኝም።» መሠረት ዛሬ ሥራ ላይ አይደለሁም ብላ ሦስት ዋንጫ ጠጣች። አባቴ በየዋንጫው ቆጠሩላት። የጉዳዩን መዝገብ የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ «ተወሰደ የተባለው ንብረት በሕጋዊ ተረኛዋ ቤት ተገኝቷል» ብዬ ጻፍኩ፤ መሠረት ፈረመችበት።

ቄስ ፋንታው አሳረጉ። ጽዋው ለእየሩስ ተሰጠ። እልልታው ሲበርድ እማማ ማሬ ወደ ጓዳ ገቡና አንድ ጥቅል ይዘው ወጡ። ጋቢያቸው፣ መቀየሪያ ቀሚሳቸውና ዳዊታቸው በአንድ ላይ ታስሯል። መሠረት ፊት መጥተው ቆሙ።

«በይ እንሂድ፣ ልጄ። እስከ አሥራ ሁለት ብለሽኝ ነበር፤ ቃልሽን አክብረሻል። ዶሮዎቼን ለጎረቤት ሰጥቻለሁ።»

ሦስት ቀን ሙሉ የእስር ቤት ስንቃቸውን እያሰናዱ ነበር የደገሱልን። ማናችንም «አይታሰሩም» ብለን እንዳልነገርናቸው ያኔ ገባኝ። የመሠረት ሳቅ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

የመለሰችው እየሩስ ናት። ጽዋውን በአንድ እጇ እንደታቀፈች በሌላው የእማማ ማሬን ክንድ ያዘች።

«እውነትዎን ነው፣ እማማ፣ መሄድዎ አይቀርም» አለች። «ጽዋ ያስረከበ ሰው ተረካቢው ቤት ድረስ ያደርሳል። እዚያው ያድራሉ፤ ብቻዬን የትኛው ጥግ ላይ እንደማስቀምጠው አላውቅም። እናቴ የት ነበር የምታስቀምጠው?»

«በስተ ምሥራቅ» አሉ እማማ ማሬ፣ ትንሽ አሰብ አድርገው። «ከምሰሶው አጠገብ። አንቺማ መስኮት ሥር ነው ያደረግሽው፤ ፀሐይ ያገኘዋል።»

እየተነጋገሩ ወጡ። ሰው ሁሉ እየዘመረ ተከተላቸው። ጥቅሉን ከእማማ ማሬ እጅ ተቀብዬ እኔም ከኋላ ሄድኩ።